አጥንት የሌላቸው ከብቶቼ

አንባቢ ሆይ፤ እረኝነት ሲባል በዓይነ ኅሊናህ የሚታይህ ምናልባት በመስክ ላይ የተሰማራ ከብት፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ዋሽንት የሚነፋ ልጅና ከሩቅ የሚጨስ ጎጆ ይሆናል። እኔም በልጅነቴ የማውቀው እረኝነት ይኸው ነበር። ዛሬ ላጫውትህ የተነሣሁት ግን ስለ ሌላ ዓይነት እረኝነት ነው። የምጠብቃቸው እንስሳት አጥንትም፣ ደምም፣ ልብም፣ አንጎልም አልነበራቸውም። አይጮኹም፤ አይዋጉም፤ ቢራቡ እንኳ ወደ ጠባቂያቸው ቀና ብለው አያዩም። ከሰውነታቸው ከመቶው ዘጠና አምስት እጅ ያህሉ ውኃ ስለሆነ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ሲንሳፈፉ ስታያቸው ውኃው ራሱ ነፍስ ዘርቶ የሚተነፍስ ይመስልሃል። እነዚህ እንስሳት ጄሊፊሽ ይባላሉ። "ፊሽ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዓሣ ማለት ቢሆንም ከዓሣ ወገን አይደሉም፤ ዝምድናቸው ከኮራልና በሥነ ሕይወት ትምህርት ከምታውቀው ከሃይድራ ጋር ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት አስቤበት አይደለም። በአውሮፓ ተማሪ ሳለሁ፣ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ የረዳትነት ሥራ ተገኘልኝና የዕለት ወጪዬን ለመሸፈን ስል ተቀጠርሁ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ወር ለአባቴ በጻፍሁት ደብዳቤ "የባሕር እንስሳት ጠባቂ ሆኛለሁ" ብዬ ነገርኋቸው። አባቴ በታናሽ ወንድሜ እጅ ያስጻፉት መልስ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። ከሰላምታውና ከአዝመራው ወሬ ቀጥሎ እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰፍሮበት ነበር፦ "ለመሆኑ እነዚህ እንስሳት ይታለባሉን? ቆዳቸውስ ይለፋልን? ካልሆነ ግን ስለ ምን ትቀልባቸዋለህ?" በወቅቱ ጥያቄውን ስቄ አለፍሁት። ውሎ አድሮ ግን የሚያስቅ ጥያቄ አለመሆኑን ተገነዘብሁ። ለአባቴ የሚበቃ መልስ አሰናድቼ እስክጽፍ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

ነገሩ እንዲገባህ አስቀድሞ የእንስሳውን አስተዳደግ ማወቅ ይኖርብሃል። እኔ የምጠብቀው ዝርያ በሳይንስ ስሙ አውሬሊያ አውሪታ የሚባለው፣ መልኩ ሙሉ ጨረቃ ስለሚመስልም "የጨረቃ ጄሊፊሽ" እየተባለ የሚጠራው ነው። አካሉን እንደ ጃንጥላ እየከፈተና እየዘጋ ሲዋኝ በሥዕል የምታየው፣ የሕይወቱ አንዱ ምዕራፍ ብቻ ነው። ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ ጥቂት ቀን ከዋኘ በኋላ ከድንጋይ ወይም ከዛጎል ሥር ይጣበቅና ፖሊፕ ወደሚባል ሌላ አካል ይለወጣል። ፖሊፕ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ፣ በአፉ ዙሪያ ቀጫጭን ክሮች የበቀሉበት ነጭ ጽዋ ነው፤ እናቱን በምንም አይመስልም። ከጎኑ እያቆጠቆጠ ሌሎች ፖሊፖችን ያወጣል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰውነቱ በቀለበት በቀለበት ይከፋፈልና በመሶብ ውስጥ የተነባበረ እንጀራ ይመስላል። ከዚያም ከላይ ያለው እየተላቀቀ፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያለው እየተከተለ፣ አንድ በአንድ ወደ ውኃው ይዋኛሉ። ስምንት ክንድ ያላት፣ ኮከብ የምትመስለው ይህች ትንሽ ፍጡር ኤፊራ ትባላለች፤ አድጋም ያን ጃንጥላ የሚመስለውን ጄሊፊሽ ትሆናለች።

ይህ የተፈጥሮ ምሥጢር በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። ማይክል ሳርስ የተባለው የኖርዌይ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1829 ዓ.ም. ፖሊፑንና ያን የተነባበረውን አካል ሁለት የተለያዩ እንስሳት መስለውት ለየራሳቸው ስም ሰጥቷቸው ነበር። ከዓመታት ክትትል በኋላ ግን ሁለቱም የአንድ ጄሊፊሽ የእድገት ደረጃዎች መሆናቸውን ራሱ ደርሶበት ራሱ አስታወቀ። ስሕተቱን ያገኘበት ሌላ ሰው ሳይሆን እርሱ ራሱ መሆኑ፣ የዚህን ሰው ስም እንዳልረሳ አድርጎኛል።

እንግዲህ ጄሊፊሽን በቤት ውስጥ ማርባት ማለት ከሁሉ በፊት ፖሊፑን መጠበቅ ማለት ነው። እናቴ ሊጥ ባቦካች ቁጥር እርሾ ሳታስቀር አትጋግርም ነበር፤ ፖሊፕም ለእኛ እርሾ ነው። ታላላቆቹ ጄሊፊሾች ከጥቂት ወራት ወይም ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ፖሊፑ ግን በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት እየተራባ ይቆያል። በአንድ ጠባብና ጨለማ ክፍል ውስጥ በየመደርደሪያው በተደረደሩ የመስተዋት ሳህኖች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች ነበሩን። ክፍሉ የሚጨልመው በከንቱ አይደለም፤ ብርሃን ከገባ በሳህኑ ላይ አልጌ በቅሎ ያፍናቸዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንመግባቸዋለን፤ ከተመገቡ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ውኃቸውን እንለውጣለን፤ ምክንያቱም የተረፈው ምግብ ከበሰበሰ ውኃውን ይመርዘዋል። የሚለወጠው ውኃ ሙቀቱና ጨውነቱ ከበፊተኛው ጋር እኩል መሆን አለበት። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው፣ የባልቲክ ውኃ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከየትኛው ባሕር እንደ መጣ ሳያውቁ ለአንድ እንስሳ ውኃ ማዘጋጀት አይቻልም።

ኤፊራ ሲያስፈልገን ሳህኖቹን ከ18 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ወደሚቀዘቅዝ ክፍል እናዛውራቸዋለን። ፖሊፖቹ ክረምት የገባ ይመስላቸዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት ቅዝቃዜ በኋላም መነባበር ይጀምራሉ። አንድ ቀን ብቻ ቢበርዳቸው አይታለሉም። ቀኑን የሚቆጥሩት በምን ይሆን? የኪል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በቅዝቃዜው ወቅት በፖሊፑ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ የሚሄድ አንድ ፕሮቲን እንደ ሰዓት ሆኖ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። አንጎል የሌለው ፍጡር ክረምቱን የሚሰፍርበት መስፈሪያ አለው ማለት ነው።

ስለ ምግባቸውም ጥቂት ልበልህ፤ ከሥራዬ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነበርና። የምናበላቸው አርቴሚያ የምትባለውን በጨው ሐይቅ የምትኖር እጅግ ትንሽ እንስሳ ነው። የደረቀው ዕንቁላልዋ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል፤ በብዛት ከሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአሜሪካ አገር በዩታ ግዛት የሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። ዕንቁላሉ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው። ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ጨምረህ አየር ብትነፋበት በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ አየሩ ይዘጋል፤ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ግልገሎቹ ግን ብርሃን ስለሚወዱ መብራት ወዳለበት ይሰበሰባሉ። በዚህን ጊዜ በቀጭን ቱቦ ተስበው በወንፊት ይጠለሉና በንጹሕ የጨው ውኃ ይታጠባሉ። ቅርፊት የተቀላቀለበት ምግብ ጠላታችን ነው፤ ጄሊፊሽ ቅርፊቱን መፍጨት አይችልም። ይህን ሁሉ በየማለዳው፣ እሑድን ጨምሮ፣ ሳላጓድል እሠራ ነበር። ከብት እሑድ እንደማይጾም ሁሉ ጄሊፊሽም አይጾምም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገንዳው ነው። ጄሊፊሽ በሰፊው ባሕር ውስጥ ግድግዳ የሚባል ነገር ሳይነካ የሚኖር እንስሳ ነው። አራት ማዕዘን በሆነ ገንዳ ውስጥ ብታስቀምጠው ማዕዘኑ ውስጥ ገብቶ ይወተፋል፤ ከመስታወቱ ጋር እየታከከም ይቆስላል። ውኃው ከቆመ ወደ ታች ይሰጥማል፤ በኃይል ከፈሰሰ ደግሞ ከመውጫው ወንፊት ጋር ተጣብቆ ይቀደዳል። ለዚህ ችግር መላ ያገኘለት ጀርመናዊው ቮልፍ ግሬቬ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ገንዳ "ፕላንክተንክራይዝል" ይባላል፤ "ክራይዝል" በጀርመንኛ ልጆች እያሾሩ የሚጫወቱበት እሽክርክሪት ነው። ገንዳው ማዕዘን የለውም፤ ውኃው ከግድግዳው ጎን እየገባ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ እንስሳውም ሳይሰጥምና ሳይጋጭ ከውኃው ጋር ሲዞር ይኖራል። አሜሪካዊው ዊልያም ሃምነርና ሌሎችም ይህንን ንድፍ ኋላ አሻሽለውታል። ዛሬ በየአገሩ ባሉ የባሕር እንስሳት ማሳያዎች ሕዝብ ተሰልፎ የሚያያቸው ጄሊፊሾች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከዚሁ ሐሳብ በተወለዱ ገንዳዎች ነው። ፍሰቱን ማስተካከል ግን ከመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት አሮጊት ቧንቧውን በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ያስተካክሉታል፤ እኔ ያንኑ ለማድረግ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። ስለ ምን ይቀለባሉ?

ኦሳሙ ሺሞሙራ የተባለ ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ ፍራይዴይ ሃርበር በተባለ ሥፍራ፣ በጨለማ የሚያበራ የጄሊፊሽ ዝርያ ያጠና ነበር። ብርሃኑን የሚሰጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ በዚያ በጋ ብቻ 10,000 ያህል ጄሊፊሾች ከባሕር ተጠልፈው ተሰበሰቡ። ብዙ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ አንድ ቀን ቅመሙን ወደ እቃ ማጠቢያው ቢደፋው በድንገት ሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ፤ በማጠቢያው ውስጥ የባሕር ውኃ ነበረበትና በውስጡ ያለው ካልሲየም ነበር ያበራው። ከዚሁ ሥራ ጋር አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ተገኘ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም.፣ ማርቲን ቻልፊ የዚህን ፕሮቲን ጂን በባክቴሪያና በትል ውስጥ አስገብቶ እንዲያበራ አደረገ፤ ሮጀር ቼን ደግሞ ቀለሙን አበዛው። በዚህም ዘዴ ሳይንቲስቶች በሕያው ሴል ውስጥ የትኛው ፕሮቲን ወዴት እንደሚሄድ በዓይናቸው ለመከታተል በቁ። ሦስቱ እ.ኤ.አ. የ2008 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ልብ በል፤ ሺሞሙራና ቤተሰቡ ከረዳቶቻቸው ጋር በብዙ በጋዎች ውስጥ ከባሕር ያወጧቸው ጄሊፊሾች ቁጥር ወደ 850,000 ይጠጋል። በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን በደቡብ ፈረንሳይ በቪልፍራንሽ ሱር ሜር በሚገኘው ጣቢያና በሌሎችም ቤተ ሙከራዎች ክሊሺያ የምትባል ትንሽ ጄሊፊሽ ከዕንቁላል እስከ ዕንቁላል በገንዳ ውስጥ ትረባለች። ወላጆቿ የታወቁ፣ ዕድሜዋ በቀን የተቆጠረ፣ ምግቧ በመዝገብ የሰፈረ እንስሳ ስትሆን ተመራማሪው ያየው ለውጥ ከምን እንደ መጣ ለይቶ ሊናገር ይችላል። ከባሕር የተጠለፈችዋ ግን ትናንት ምን እንደ በላች እንኳ አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር 2,478 ጨቅላ ጄሊፊሾችን በጨው ውኃ ከረጢትና ጠርሙስ አድርጋ ወደ ጠፈር ወስዳቸው ነበር። እነዚያም በዚያው ተራብተው ወደ 60,000 ገደማ ደረሱ። ጄሊፊሽ ላይና ታቹን የሚለየው በጃንጥላው ጠርዝ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ነው፤ በእኛም ውስጠኛ ጆሮ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ጠጠሮች አሉ። ክብደት በሌለበት ሥፍራ ከተወለዱት መካከል ወደ ምድር ሲመለሱ እንደ ወገኖቻቸው ቀጥ ብለው መዋኘት ያቃታቸው ነበሩ። ከምድር ውጭ የሚወለድ ሰው ምን ሊገጥመው ይችል ይሆን የሚለውን ጥያቄ ያስነሣው የእነዚህ አጥንት የለሾች መንገዳገድ ነው።

ከአገራችን ብዙም ከማይርቀው ከቀይ ባሕር የታወቀችም አንዲት አለች። ፎርስኮል የተባለው ተመራማሪ ከዴንማርክ ንጉሥ ጉዞ ጋር መጥቶ እዚያ አጥንቷት ነበር፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1763 ዓ.ም. በየመን ምድር በበሽታ ሲሞት መጽሐፉ በ1775 ዓ.ም. ታተመለት። ካሲዮፔያ የምትባለው ይህች ጄሊፊሽ በጀርባዋ ተንጋላ ከባሕሩ ወለል ላይ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በገንዳ ያጠኗት ወጣቶች ሌሊት ሌሊት እንደምትተኛ አረጋገጡ። ሌሊቱን ሲያውኳት ካደሩ በማግስቱ ትፈዝዛለች። እንቅልፍ አንጎል ላለው ብቻ የተሰጠ ይመስለን ነበር!

ይህን ሁሉ ለአባቴ ለመጻፍ ብዕሬን ያነሣሁበት ወቅት ግን እኔ ራሴ የምገባበትን ጉድጓድ የጠፋ መስሎ የታየኝ ወቅት ነበር። ምክንያቱን ልንገርህ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የመስቀል ዋዜማ ነበር። በከተማው የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ደመራ ለመደመር ተቀጣጥረን ነበርና ከሥራ ለመውጣት ቸኩያለሁ። በታላቁ ገንዳ ውስጥ ከኤፊራ ጀምሬ ለሦስት ወር ያሳደግኋቸው 300 ያህል ጄሊፊሾች ነበሩ፤ አንድ ተመራማሪ ለዶክትሬት ሥራው ቀን ቆርጦ የሚጠብቃቸው ናቸው። የፓምፑን ቱቦ አጥቤ መልሼ ስገጥመው ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው አላጠበቅሁትም። ውኃ ስላላንጠባጠበ ደኅና መሰለኝ፤ መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

ቱቦው ውኃ አላፈሰሰም፤ አየር ግን ሳበ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጠላ አረፋ የደቀቀ አየር ወደ ገንዳው ሲገባ አደረ። በማግስቱ መብራቱን ሳበራ ጄሊፊሾቹ በሙሉ ከውኃው ፊት ላይ ተንሳፈው ነበር። አረፋው ከጃንጥላቸው ሥር ገብቶ አንሥቷቸዋል፤ ብዙዎቹንም በስቷቸዋል። ገና የሚንቀሳቀሱ ነበሩ፤ ዳሩ ግን በስተው የወጡት ቀዳዳዎች ከሩቅ ይታያሉ። አረፋውን በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እየመጠጥሁ አንዳንዶቹን ለማዳን ሞከርሁ። እስከ ቀትር ድረስ የተረፉት ከሃያ አይበልጡም።

በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ቱቦውን አጠበቅሁት። ከዚያም መዝገቡን ከፍቼ ቀኑንና የሞቱትን ቁጥር ጻፍሁና፣ "ምክንያት" በሚለው ዓምድ ሥር "አልታወቀም" ብዬ ሞላሁ። እጄ እንዴት እንደ ፈጠነ ዛሬም ይገርመኛል። ጄሊፊሽ በብዙ ምክንያት የሚሞት እንስሳ ነውና ማንም አይጠረጥረኝም ነበር። የተቀመጥሁበት ወንበር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ያ ተመራማሪ "አልታወቀም" የሚለውን ሲያነብ ውኃውን ይመረምራል፤ ምግቡን ይመረምራል፤ በሽታ ገባ ብሎ ፖሊፖቹን እስከ መጣል ይደርስ ይሆናል። እርሾው ሊደፋ ነው ማለት ነው፤ ባልሠራው ጥፋት።

በቤተ ሙከራው ደንብ ከመዝገብ ላይ ገጽ መቅደድም ሆነ ጽሑፍ መፋቅ ክልክል ነው፤ የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መሥመር ይሰረዛል። "አልታወቀም" የሚለውን በአንድ መሥመር ሰረዝሁትና ከሥሩ "ቱቦውን በደንብ ባለማሰሬ አየር ገብቶ" ብዬ ጽፌ ስሜን ፈረምሁ። ኃላፊዋ ሲገቡ ገንዳውን አዩ፤ እኔንም አዩኝ።

"ጻፍኸው?" አሉኝ።

"ጽፌዋለሁ" አልኋቸው።

መዝገቡን አንሥተው አነበቡ። የተሰረዘውንም ያነበቡት ይመስለኛል፤ ዓይናቸው እዚያ ላይ ቆይቷልና። "እንግዲያው ና፤ ገንዳውን እንጠብ" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ተመራማሪው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታዬን በጭንቅላቱ ንቅናቄ ብቻ ነበር የሚመልሰው። እውነቱን ለመናገር አልፈረድሁበትም፤ ሦስት ወሩን አቃጥዬበታለሁ።

በዚያው ቀን ማታ አሥራ ሁለት የፖሊፕ ሳህኖችን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አዛወርሁ። ጥቅምትን በየቀኑ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው፤ ምንም የለም። በኅዳር መጀመሪያ የአንዱ ወገብ ጠበብ ጠበብ ብሎ ቀለበት አበጀ፤ በሳምንቱም ሳህኑ ሁሉ በተነባበረ እንጀራ ተሞላ። የመጀመሪያዋ ኤፊራ ተላቅቃ ስትዋኝ ያየሁት በአንድ ዝናባማ ማለዳ ነው። ተመራማሪውን ጠራሁት። በአጉሊ መነጽሩ ብዙ ጊዜ አጎንብሶ ሲያይ ቆየና፣ "ስንት ናቸው?" አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በቃሉ ሰላም ይለኝ ጀመር።

ለአባቴ የጻፍሁት ረጅም ደብዳቤ የተላከው በዚያ ሰሞን ነው። ስለ ጃፓናዊው ብርሃን፣ ስለ ጠፈሩ መንኮራኩርና ስለ ቀይ ባሕሯ እንቅልፋም ሁሉንም አተትሁ፤ የመስቀል ዋዜማውንም ጥፋት አልደበቅኋቸውም። መልሳቸው ለገና ደረሰኝ። አዝመራው መልካም እንደ ነበር፣ ቡሬዋ ላም ወይፈን እንደ ወለደች ካስጻፉ በኋላ ስለ ጄሊፊሾቹ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ "ሳይታለብ የሚቀለብ ከብት አይቼ ባላውቅም ከጠቀመ ይሁን፤ ብቻ ማታ ማታ ከመውጣትህ በፊት ቱቦውን አጥብቀህ እሰር።"